መታወቂያ የሌላቸው ሰዎች ውሃ

በሐይቅ ከተማ ቦኖ ላይ ሥራ በጀመርኩበት ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር የቧንቧውን ቁልፍ በእጄ ሰጠኝና፣ «ጓዲት የሺ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ካልከፈትሽ ማንም አይቀዳም» አለኝ። ባሌ ሞቶ ሦስት ልጆች አሳድግ ነበር። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ ስለነበር ቆጣሪ ማንበብ እችላለሁ፤ የተቀጠርኩትም በዚሁ ነው።

እሱ ዞር ከማለቱ አንዱ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ አየሁ። ጣሳ ደቀንኩበት፤ ወረፋው ሳያልቅ ሞላ። ቧንቧ ሠራተኛውን ከቤቱ ጠርቼ አመጣሁት። «ለጠብታ ነው ከምሳዬ ያስነሳሽኝ?» አለ። ጣሳውን አሳየሁት። እያጉረመረመ ጎማውን ቀየረ።

ጠዋት ቆጣሪ አነባለሁ፣ መፋሰሻውን እጠርጋለሁ፣ ከዚያ ወረፋ አስከብራለሁ። እንስራ በባለቤቱ ቦታ ይቆማል፤ ሴትዮዋ ሄዳ ጉዳይዋን ትፈጽማለች። እንስራዋን የነካ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው። አንድ ቀን የሊቀመንበሩ ሠራተኛ ጀሪካኗን ከፊት አስቀመጠች። አንስቼ ከኋላ አኖርኩት።

«የጓድ ሊቀመንበር እኮ ነው!»

«ጀሪካኑ መች ተናገረ» አልኳት።

ዝናብ በቀረበት ዘመን ውሃው ጠዋት ብቻ መምጣት ጀመረ። ለአንድ ቤት ሁለት እንስራ ተወሰነ። ለሻይ ቤትና፣ እንግዳ ይበዛበታል ተብሎ፣ ለሊቀመንበሩ ቤት አራት። ተከራከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ያኔ ረሃብ ከአምባሰል ገጠር ያፈናቀላቸው ሰዎች መጥተው ከቦኖው አጥር ጀርባ ተጠለሉ። አንዲት እናት የታመመች ልጇን አዝላ፣ ቅል ይዛ ወረፋ ገባች። የቀበሌው ትእዛዝ ግን መታወቂያ የሌለው አይቀዳም የሚል ነበር። የሐይቁን ውሃ የጠጡ ልጆች ሆዳቸውን ይታመሙ ስለነበር ለመጠጥ የሚሆነው የቦኖው ብቻ ነው።

ሊቀመንበሩ ቢሮ ሄድኩ። «ሰዎቹ ከመፋሰሻው እየጨለፉ ይጠጣሉ» አልኩት።

«እኔ ውሃ አልፈጥርም» አለኝ። «ለእነሱ ብትሰጪ ከማን ቀንሰሽ ነው? ያለ ፈቃድ ብትከፍቺ ደግሞ ቁልፉን ትመልሻለሽ።»

ቁልፉን መመለስ ልጆቼን ማስራብ ነው። ጥያቄው ግን የሚገባ ጥያቄ ነበር።

ተመልሼ ሊቀመንበሩ ያለኝን ሁሉ ለወረፋው ነገርኩ። ከመናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ያላት ወይዘሮ ዘሀራ ናት የመለሰችው።

«ከእኔ ነዋ» አለች። «ከአራቱ እንስራ ሁለቱ ለልብስና ለወለል ነው የሚሄደው። ሐይቁ እዚያ ተኝቶ እኔ ለጨርቅ የቧንቧ ውሃ?»

«መንገዱ ሩቅ ነው ዘሀራ፤ ጉልበትሽን ያምሽ የለ?»

«አህያዬን አያማትም። አብሽሪ፣ አንቺ ብቻ ክፈቺ።»

አንዷ ከኋላ፣ «አንቺስ አህያ አለሽ፣ እኛስ?» አለቻት።

«ጨርቅሽን ጫኝ። አንቺን ግን አትችልሽም።»

ወረፋው ሳቀ። ያን ቀን የዘሀራን ሁለት እንስራ ለአምባሰሎቹ ቀዳሁ። በማግስቱ የብዙ ቤት ልብስ በአህያዋ ወደ ሐይቁ ወረደ። እንደ ዘሀራ ውሃ የምታከብር ሴት አላየሁም። ለሶላት በአንዲት ኩስኩስት ውሃ ታጥባ ይተርፋት ነበር። ብርጭቆ ያለቀለቀችበትን አጠራቅማ አህያዋን ታጠጣለች።

ወሬው ደርሶት ሊቀመንበሩ መጣ። እናቲቱ ቅሏን እየሞላች ነበር።

«ማን ፈቀደ?»

«የከፈትኩት እኔ ነኝ» ብዬ ቁልፉን ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም። ጎንበስ ብሎ ቆጣሪውን አየ፤ ያለፈውን ቀን ንባብ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ፍጆታው ከወትሮው አልጨመረም።

«ከማን ቀነሳችሁ?»

«ከእኔ» አለች ዘሀራ ከወረፋው። «ቀጥሎ ባለ አራት እንስራ የእርስዎ ቤት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ሰውየው ቆጣሪውን እንደገና አየ። ኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ከነገ ጀምሮ ከእኔም ሁለት ቀንሺ» አለና ሄደ። ቃሉን ጠበቀ፤ ይህን አልነሳውም።

የእናቲቱ ልጅ ዳነች። ዝናብ ሲመለስ አምባሰሎቹ ወደ አገራቸው ወጡ።

እኔ እስኪደክመኝ ድረስ በዚያው ቦኖ ሠራሁ። አሁን በውሃ ሥራ ላይ ላላችሁት የምለው ይህ ነው፦ ውሃ ሲያንስ መጀመሪያ ብዙ የሚቀዳውን ጠይቁ። ቅል ይዞ የመጣ ሰው የሚቀንሰው የለውም።