የቮልሷ ቀኝ እግር

ደላላው ገና ከበሩ ሳይገባ ዋጋ መቀነስ ጀመረ። «ይቺ ናት እንዴ?» አለ፣ ግቢያችን ውስጥ ሌላ መኪና ያለ ይመስል። ዙሪያዋን ዞረ፣ ጎማዋን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገ፣ ከዚያ በመስኮት ጎንበስ ብሎ አየና ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቱን አጨማደደው።

«ምነው እቴ፣ ከመሪው ሥር ያለው ብረት ምንድን ነው?»

«ቀኝ እግሬ ነው» አልሁት።

ይሳቅ አይሳቅ ሳይወስን ምርኩዜን አየና አፈረ። ደላላ ሲያፍር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ብዙ አልቆየበትም።

የቀኝ እግሬን በሕፃንነቴ ፖሊዮ ወስዶታል። የቁስቋም ሰፈራችን ባልቴቶች መጋኛ ነው ብለው ደምድመዋል፤ ከእነሱ ጋር መከራከር ከተውሁ ቆየሁ። አባቴ የእጅ ሥራ መምህር ነበር፣ ብረትና እንጨት ያስተምራል። ቮልሷን ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ መምህር የገዛት እኔ ሳልወለድ ነው። ያኔ ፈዛዛ ሰማያዊ ነበረች አሉ። እኔ የማውቃት ግን አረንጓዴ ሆና ነው፤ የትምህርት ቤቱ አጥር በር ሲቀባ የተረፈውን ቀለም አባቴ ለእሷ አዋለው። ጓደኞቼ «የእናንተ መኪና ሲከፈት ደወል ይደወላል?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ሥራ ስይዝ አባቴ «መንዳት ትማሪያለሽ» አለኝ። በምን እግሬ? «ግራው ምን ሆነ?» አለ። ከጎኔ ተቀመጠና ከዘራውን ወደ እኔ በኩል አሻግሮ ጫፉን ነዳጅ መስጫው ላይ አኖረ። እኔ መሪና ማርሽ እይዛለሁ፣ በግራ እግሬ ፍሪሲዮንም ፍሬንም እረግጣለሁ። «ነዳጅ!» ስል ይጫናል፤ «በቃ!» ስል ያነሣል። አባቴን በዕድሜዬ ሙሉ ያዘዝሁት በዚያ ሰሞን ብቻ ነው፣ እሱም ሸጋ ታዛዥ ሆኖ ተገኘ። አንዳንዴ ሳልለው ይጫንና ከሰው አጥር ልንገባ እንደርሳለን። እጮኽበታለሁ። «አንቺ እኮ አፍሽ ዘገየ» ይላል፣ ጥፋቱን በእኔ አላክኮ። ሰፈሩ ሁሉ አጥር ላይ ወጥቶ ይስቅ ነበር።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከአሮጌ የአልጋ ብረትና ከብስክሌት የፍሬን ሽቦ አንድ መያዣ ሠራ። ወለሏን በስቶ ሽቦውን አሳለፈ፣ ከመሪው ሥር በየደው፣ በእጄ ስስበው ነዳጅ ይሰጣል። እኛ ቤት ስሙ «ቀኝ እግር» ሆነ። «ቀኝ እግርሽን ዘይት አጠጪው» ይለኛል። ትራፊኮቹ ለመዱኝ። በየዓመቱ ምርመራ ስንሄድ መርማሪው ብረቱን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ብረቱን ደግሞ ያያል፣ «በይ ሂጂ» ይላል። ማዘጋጃ ቤት ለሥራ ስገባ በመኪና የምመጣው እኔና አለቃው ብቻ ነበርን። ኮርቻለሁ፤ ምን ይደረግ? በእግሬ ያልኮራሁ በምን ልኩራ?

ኋላ የአባቴ ኩላሊት ደከመ። ማክሰኞና ዓርብ ደሙ በመሣሪያ ካልታጠበ አይኖርም ተባለ። እናቴ ቀድማ ሄዳለች፣ ሌላ ልጅ የለውም። ለሁለት ዓመት ማክሰኞና ዓርብ በቮልሷ እየወሰድሁ አሳጠብሁት። የእናቴ ወርቅ አለቀ፣ ማክሰኝት ያለችው የውርስ ቦታው አለቀች፣ የእኔም ብድር አለቀ፤ ሰው «የለኝም» ለማለት እንኳ እስኪሰለቸው ድረስ። የቀረችን ቮልሷ ናት። ካልሸጥኋት አባቴ ይሞታል፤ ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ማስዋቢያ የለውም።

«አዲስ አበባ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው አለኝ» አለ ደላላው። «ግን እቴ፣ እሱ የሚፈልገው ያልተነካ ነው። ያልተነካ ከሆነ የሚሊዮን ወሬ እናወራለን። እንዲህ ተበስቶ፣ ተበይዶ፣ የአጥር ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ግን ግማሹን ካገኘሽ ስለት አግቢ።»

«እንዴ! ብረቱ እኮ ተጨምሮባት እንጂ ተቀንሶባት አይደለም» አልሁት።

«በዚህ ገበያ የጨመርሽው ሁሉ ይቀነስብሻል።»

ወይ ጉድ! እኔን ያስሄደኝ ነገር ነውር ሆነና ዋጋ ጣለባት። ተናደድሁ፣ ሰደብሁት፣ ሄደ። ማታውን አባቴ እግሩ አብጦ ጫማው አልገባ ሲለው አየሁ። በማግስቱ ለደላላው ራሴ ደወልሁለት።

ለአባቴ «ላሳድሳት ነው» አልሁት። አዘዞ ወዳለ ጋራዥ እስከ በሩ ራሴ ነድቼ አስገባኋት። ሜካኒኩ መጋዝ ሲያነሣ ዓይኔን ወደ ውጭ መለስሁ። ብረት በመጋዝ ሲቆረጥ ያለው ጩኸት ጥርስ ያነቃንቃል። ብረቱን ስጠኝ ማለት ትዝ ያለኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው፤ የተመለስሁት በባጃጅ ነበር፣ ጉልበቴ ከባለጋቢ ሽማግሌ ጉልበት ጋር እየተጋጨ። ቀዳዳውን ደፈኑ፣ ብየዳውን ሞረዱ፣ በላዩ ስቱኮ ለቀለቁ፣ ሰማያዊ ቀቧት። ሜካኒኩ ራሱ ነድቶ አመጣት። ሸጋ ሆና መጣች፣ ሸጋነቷ አንጀቴን አቃጠለው። ግቢዬ ውስጥ የሰው መኪና የቆመ መሰለኝ።

አባቴ ከአልጋው ተነሥቶ መጣ። በሩን ከፈተ፣ እጁን ከመሪው ሥር አስገባና ብረቱ የነበረበትን ቦታ በጣቱ ዳሰሰ። ስቱኮው ገና ለስላሳ ነበር መሰለኝ ጥፍሩን ጫን ሲያደርግበት አየሁ። «እህ» አለ። ተመልሶ ተኛ።

ገዢው በአውሮፕላን መጣ፤ መንገዱን ማን ያምነዋል? ቁጥብ፣ ጨዋ ሰው ነው። ከሥሯ በጀርባው ተኝቶ በባትሪ አየ፣ ሞተሯን አስነሥቶ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ስስቱ ያስታውቃል። ደላላው አንዴ የእኔን አንዴ የእሱን ፊት እያየ ምራቁን ይውጣል። ገዢው «ያልተነካች ናት» አለና ዋጋውን ጠራ። የዓመት እጥበት ከነመድኃኒቱ በዓይኔ ላይ ዞረ። እጄን ዘረጋሁ።

«ቆዩ እስቲ» አለ አባቴ።

ጋቢውን ተከናንቦ፣ በከዘራው ተደግፎ በረንዳው ላይ ቆሟል።

«የእኔ ልጅ» አለው ገዢውን፣ «ያደግሁት ማክሰኝት ነው፣ አባቴም የከብት ነጋዴ ነበር። እዚያ በሬ ሲሸጥ ነውሩ ይነገራል። የሚዋጋ ከሆነ ይዋጋል፣ ከቀንበር ሥር የሚተኛ ከሆነ ይተኛል ይባላል። ነውሩ ሳይነገር የተሸጠ በሬ ለገዢም ለሻጭም አይሆንም።»

«አያ፣ ይህ እኮ በሬ አይደለም፣ ይረፉ እባክዎ!» አለ ደላላው። ድምፁ ሊያለቅስ ደርሷል።

«ከመሪዋ ሥር ተበይዳለች» አለ አባቴ። «ወለሏ ተበስቷል። የበሳሁት እኔ ነኝ፣ ይቺ ልጄ እንድትነዳበት። አሁን በስቱኮ ሸፍነውታል። እጅህን አስገብተህ ዳስሰው።»

ገዢው ዳሰሰ። አገኘው፤ የአባቴ ጥፍር የገባበት ምልክት ሳይቀር አለ። ቀና ብሎ ያየኝ ግን እኔን ነው፣ አባቴን አይደለም።

«ብረቱ ራሱ የት አለ?»

«ተቆርጧል» አልሁ።

«ብረቱ እንዳለ ብታሳዩኝ ኖሮ እኮ እወስዳት ነበር» አለ። «አባት ለልጁ የሠራው ነው ብዬ፣ ዋጋውን ትንሽ ቀንሼ። አሁን ያልተነካችም አይደለች፣ የተነካችም አይደለች። የተደበቀ ነገር ያለባትን መኪና ግን አልገዛም፤ ሌላ ምን እንደተደበቀ በምን አውቃለሁ?» አባቴን እጅ ነሥቶ ወጣ። ደላላው ተከትሎት ሮጠ፣ የግቢውን በር እንኳ አልዘጋውም።

አባቴ ላይ ያን ቀን የጮኽሁትን ጩኸት ሰፈሩ ሰምቶታል። «ገደልኸኝ! ራስህን ገደልህ! ማን ጠየቀህ? ምነው አፍህን ብትይዝ?» እያልሁ ምርኩዜን መሬት ላይ ወረወርሁት። ከዚያ ያለ ምርኩዝ መራመድ ስለማልችል እዚያው ተቀመጥሁ። አባቴ ወርዶ ምርኩዜን አንሥቶ ሰጠኝ። ለማጎንበስ ምን ያህል እንደደከመው አየሁ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

«በዚያ ገንዘብ ታጥቤ ምን ልጸዳ?» አለ።

ለእውነቱ ብሎ ይሁን፣ ወይስ መኪናዬን ሊያስቀርልኝ፣ አልጠየቅሁትም። ያስቀረልኝ እንደሆነም ምን አስቀረልኝ? ልሸጣት አልችልም፣ ልነዳት አልችልም፤ ከሁለት ያጣች ሆንሁ። ጎረቤቶቼ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዳሉ ሰምቻለሁ። እውነታቸውን ነው፣ ግን ተረቱን ለመናገር የግድ የእኔ አጥር ሥር መቆም ነበረባቸው?

ጋራዡ ሄጄ ብረቱን ጠየቅሁ። ሜካኒኩ ራሱን አከከ። «ውይ እቱ፣ አሮጌ ብረት የሚሰበስበው ቆራሌ ወሰደው እኮ። ቁም ነገር መስሎም አልታየኝ።» አባቴ ይህን ሲሰማ «እኔ እሠራልሻለሁ፣ ብረት እንደሆነ ሞልቷል» አለ። በማግስቱ ከማንጠቀምበት አልጋ አንድ ብረት ፈትቶ ግቢው ውስጥ ተቀመጠና መሞረድ ጀመረ። ጣቶቹ አብጠዋል፣ ሞረዱ ከእጁ ይወድቃል። ትንሽ ሞርዶ ያርፋል፣ ትንሽ ሞርዶ ያርፋል። ልከልክለው አልቻልሁም። ብድር ፍለጋ ዞሬ ስመለስ ብረቱን ጭኑ ላይ እንዳጋደመ እንቅልፍ ወስዶት አገኘዋለሁ። ብረቱ አላለቀም፣ አሁንም በረንዳው ላይ ነው።

እጥበቱ በሳምንት ከሁለት ጊዜ ወደ አንድ ወረደ። ሐኪሟ «አይሆንም» አለችኝ፤ እኔም አውቃለሁ አልኋት።

አንድ ዓርብ ጠዋት ከተማው ጭር ብሎ ነጋ። ባጃጅ የለም፣ ሚኒባስ የለም። ለምን ብሎ መጠየቅ ትተናል፤ አንዳንድ ቀን እንዲህ ነው። አባቴ ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሽ አጥሮት ተቀምጦ ነው ያደረው። አምቡላንስ ደወልሁ፣ መኪና አላቸው ወደተባሉ ሰዎች ደወልሁ። አንዱ አላነሣም፣ አንዱ ነዳጅ የለኝም አለ፣ አንዱ ደግሞ እንደምፈራ ታውቂያለሽ አለኝ። አውቃለሁ።

«ከዘራዬን አምጪ» አለ አባቴ።

«ምን ልታደርግ?»

«ነዳጅ ልስጥልሽ ነዋ። ረሳሽው?»

በውኃ ፕላስቲክ ያስቀመጥኋት ትንሽ ቤንዚን ነበረች፣ ጨመርኋት። ቮልሷ ተነሣች። አባቴ ከጎኔ ተቀምጦ ከዘራውን አሻገረና ጫፉን ነዳጅ መስጫው ላይ አኖረ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሞተሩም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። «ነዳጅ!» አልሁ። ተጫነ። ወጣን።

ከቁስቋም ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ወረድን። መንገዱ ባዶ ነው፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። አባቴ በመስኮት እያየ «ያኔም መንገዱ እንዲህ ባዶ ቢሆን የሰው አጥር ባላፈረስሽ» አለኝ። «አላፈረስሁም!» አልሁት። «ልታፈርሺ ነበር» አለና ፈገግ አለ። ፈገግ ያለው እውነት ነው፣ አይቼዋለሁ። ቢያንስ ይህን አትንፈጉኝ።

ወደ ሆስፒታሉ የሚያስወጣው ዳገት ጋ ስንደርስ ማርሽ ቀየርሁ። «ነዳጅ!» አልሁ። ተጫነ፣ ወጣን። እኩሌታው ላይ መኪናዋ ደከመች። «አባዬ፣ ነዳጅ!» ወደ ኋላ ልትል ሆነ። «ነዳጅ እኮ ነው የምልህ! ነዳጅ!» ያኔ እንደምጮኽበት ጮኽሁበት። ከዘራው ከነዳጅ መስጫው ላይ ተንሸራትቶ እግሬ ሥር ወደቀ። ፍሪሲዮኑን ረገጥሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብሁ፣ ማርሹን ፈታሁ። ቮልሷ ዳገቱ መሐል ቆመች።

ከአንድ ግንብ ሥራ ላይ ቀን ሠራተኞች አይተውን ሮጠው መጡ። «አይዞሽ እቴ! አሮጊቷ ጠፋችብሽ አይደል? ገፍተን እናስነሣታለን!» እየሳቁ፣ እየተጠራሩ ከኋላዋ ቆሙ። አባቴ ራሱን ወደ መስኮቱ አዘንብሏል፣ ለእነሱ የተኛ ሽማግሌ ነው። እጃቸውን የሞተሯ ክዳን ላይ ሲያሳርፉ ንዝረቱ ተሰማቸው መሰለኝ ሳቃቸው ቆመ።

«ኧረ ሞተሩ አልጠፋም!» አለ አንዱ ወደ መስኮቴ መጥቶ። «ይሠራል እኮ፤ ምነው ታዲያ ቆምሽ?»

መሪውን እንደያዝሁ ነበርሁ። «አባዬ» አልሁ፣ ቀስ ብዬ፣ «ነዳጅ።»