የአባቴ ጆሮና የመንግሥት ጋዜጣ

አባቴ ጎንደር ውስጥ የዜማ መምህር ነበር። በደርግ ጊዜ ጆሮው ከዳው። ተማሪ ሲሳሳት የማይሰማ መምህር ምን ይሠራል? የደብሩ አለቃ እስከ ፋሲካ ሊታገሡት ተስማሙ፤ ከዚያ ወንበሩን ለሌላ ሊሰጡበት ነው። አባቴ ደግሞ ከወንበሩ ውጭ ሌላ ሕይወት አልነበረውም።

ሆስፒታል የነበረ የውጭ ሐኪም የመስሚያ መሣሪያ ሰጠው፤ ደረት ኪስ የምትገባ ትንሽ ሣጥንና ወደ ጆሮ የሚሄድ ሽቦ። ገና ሲከፍተው «ኧረ በስመ አብ!» ብሎ ነቀለው። ሽንኩርት ሲከተፍ፣ በር ሲከፈት፣ ጋቢው ሲሻሽ፣ ሁሉም እኩል ይጮኽበታል። የሰው ንግግር ብቻ የለም። ሐኪሙ በአስተርጓሚ፣ «ጆሮዎ እየሰማ ነው። ንግግርን ከጫጫታ የሚለየው ግን አንጎል ነው፤ እሱ ደግሞ ረስቷል። በየቀኑ ያድርጉት፣ ሰው ያንብብልዎ» አለው።

ንባቡ ለእኔ ለሴት ልጁ ደረሰኝ። የመረጠው ዳዊትን ነው፤ ሌላ ምን ሊመርጥ ኖሯል! ጠዋት ጠዋት ሳነብለት ራሱን ይነቀንቃል፣ ከንፈሩም አብሮኝ ይሄዳል። እናቴ ደስ ብሏት ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። አንድ ቀን ታዲያ ሁለት ገጽ አንድ ላይ ተገልጦብኝ አንድ መዝሙር ዘለልኩ። እሱ እቴ! ከንፈሩ የተዘለለውን መዝሙር ይዞ ቀጠለ። ዳዊቱን ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ ያውቀዋል፤ ለካ ሲሰማ የከረመው ከራሱ ውስጥ ኖሯል። ብሽቅ አልኩ።

በማግሥቱ ከቀበሌ የመንግሥት ጋዜጣ አመጣሁ። እሱን እንኳ በቃሉ አያውቀውም።

«ኢምፔሪያሊዝም» አልኩት።

«ምን?»

«ኢምፔሪያሊዝም!»

«ምነው ልጄ፣ የሚነበብ ጠፋ?»

ተቆጣ። እኔ ግን ቃሉን መልሶ እስኪለው አልለቀቅሁትም። የማዳበሪያውን ዜና፣ የስብሰባውን ንግግር፣ የአብዮቱን መፈክር ሁሉ አስደገምኩት። እኔም ሰለቸኝ፣ እሱም ዓይንሽን ለአፈር አለኝ። ቀስ በቀስ ግን «ምን?» ማለቱ ቀነሰ፤ ሽንኩርቱም ድምፁን ዝቅ አደረገለት።

በሆሳዕና ሰሞን አለቃው ሊፈትኑት ዜማ ቤቱ መጥተው ተቀመጡ፤ እኔም በሩ ላይ ቆምኩ። አንድ ተማሪ ማዜም ጀመረ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ቆየና እጁን አነሣ። «ተመለስ፤ ቃል ዘለልክ» አለው። አለቃው «ይበል» ብለው ተነሡ። ወንበሩ የእሱ ሆኖ ቀረ።

ቤት ስንገባ እንደ ልማዴ ጋዜጣውን አነሣሁ።

«ተዪው፣ ዳዊቱን አምጪ» አለኝ።

«አባባ፣ በቃልህ ታውቀው የለ?»

«ዳዊትን እስከ ዛሬ የሰማሁት በራሴ ድምፅ ነው። ባንቺ አልሰማሁትም።»

ዳዊቱን ገልጬ ጀመርኩለት። ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም።