ቀይ መብራት በኤርሚንያ ፈረቃ

ኤርሚንያ ባሊዲዮ በኢስታንሲያ ወደብ፣ በበረዶ ፋብሪካው ውስጥ ፀጉሯ እስኪሸብት የሠራች ሴት ናት። ጀልባው ሁሉ በረዶ የሚጭነው ከዚያ ነው፤ በረዶ ከታጣ ዓሣው ገና ባሕር ላይ እያለ ይሸታል። እሷ የምትውለው ማሽን ክፍል፣ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለች ግራጫ ሳጥን ፊት ነበር። ሳጥኗ በረዶውን በሚያቀዘቅዘው ሞተር፣ በኮምፕረሰሩና ቢሮ ባለው ስክሪን መካከል ወሬ ታመላልሳለች። አረንጓዴ ከበራ ደህና ነው፤ ቀይ ከበራ ችግር አለ። ሁለት ቢጫ መብራቶችም አሏት፤ አንዱ ስትልክ፣ ሌላው ስትቀበል ብልጭ ድርግም ይላል።

ዶሚናዶርን ወደዚያ ክፍል ያስገባችው እሷ ናት። በረዶ ተሸካሚ ነበር። የሴት ልጁ የክርስትና እናት ናትና ወገቡ ሲጎብጥ ማየት አልሆነላትም፤ ሥራ አስኪያጁን ለምና አስገባችው፣ እጁን ይዛ አስተማረችው።

"ይኼ ሲሪያል ፖርት ነው፣ ገመዱ እዚህ ይሰካል። ከክዳኑ ሥር ያሉት ትንንሽ ማብሪያዎች ፍጥነቱን ይወስናሉ። አንዷን ከነካህ ማሽኖቹ አይግባቡም። እንዳትነካ!"

"አበልጄ ሙች፣ ጣቴን እቆርጣለሁ እንጂ አልነካም" ብሎ ሳቀ።

በዝናቡ ወራት ነገር ተበላሸ። ኤርሚንያ ፈረቃዋን ከእሱ ተረክባ ብዙም ሳትቆይ ቀዩ ይበራል፣ ስክሪኑ ይጨልማል፣ ኮምፕረሰሩ ቀጥ ይላል። ገመዱን ነቅላ ትሰካለች፤ ወይ ፍንክች! አጥማጆቹ በመስኮት ብቅ ብለው፣ "እትዬ፣ ይኼ በረዶ ነው ሾርባ?" ይሏታል። ዶሚናዶር ከቤቱ ተጠርቶ ይመጣና፣ "እስቲ አንዴ ፈቀቅ በይልኝ" ይላል። ወዲያው አረንጓዴ ይሆናል።

"ምን ሆኖ ነው?"

"ፖርቱ አርጅቷል፣ እንደኛው።"

እሷም ታመሰግነዋለች፤ ለሚስቱ ጥብስ ዓሣ ትልካለች። ሥራ አስኪያጁ ግን እሷን በክፉ ዓይን ማየት ጀመረ።

አንድ ቀን ቀዩ ሲበራ አዲስ ገመድ ቀየረች። ለውጥ የለም። ቢጫዎቹን ትኩር ብላ አየች፤ መላኪያው ይብለጨለጫል፣ መቀበያው ድርግም ብሏል። ገመዱ ደህና ከሆነ፣ አልተግባቡም ማለት ነው። ክዳኑን ከፈተች። አንዷ ማብሪያ ወርዳለች። መለሰቻት፤ አረንጓዴ በራ። ክዳኑን ገጥማ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ያንን ማብሪያ ከእሷ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ዶሚናዶር እንደወትሮው ተጠርቶ ሲመጣ መብራቱን አይቶ ደነገጠ።

"ማን ሠራው?"

"እኔ። ጣትህ ግን አለች፣ አልተቆረጠችም።"

መሬት መሬት አየ። "ከገና በኋላ ከሁለታችን አንዳችንን ብቻ ነው ሥራ ላይ የሚያስቀሩት፤ ቀድሜ ሰምቻለሁ። አራት ልጅ አለኝ፣ አበልጄ።"

"እና እሁድ እሁድ ከማዕዴ ስትቆርስ ይኼን በሆድህ ይዘህ ነበር?"

"ብነግርሽ ታለቅሺ ነበር።"

"አሁንስ?"

ለሥራ አስኪያጁ ነገረችው። ዶሚናዶር ተጠርቶ፣ "አንሄሊታን አፈር ያስበላኝ፣ አልነካሁም!" ብሎ ማለ። አንሄሊታ ኤርሚንያ ክርስትና ያነሳቻት ልጁ ናት። የማብሪያውን ነገር ችላ ልትለው ትችል ነበር፤ ይኼ መሐላ ግን አጥንቷ ድረስ ገባ።

"አሁን ይሠራል አይደል? በቃ ተዉት" አለ ሥራ አስኪያጁ። ከገና በኋላ ሥራው ላይ የቀረው ዶሚናዶር ሆነ።

ዛሬ ኤርሚንያ ከእህቷ ጋር ባሕር ዳር ዓሣ እየሰነጠቀች ታደርቃለች። ዶሚናዶር በሞተር ሲያልፍ፣ "አበልጄ!" ይላል፤ ቀና አትልም። አንሄሊታ ግን ከቅዳሴ መልስ ትመጣለች፣ እንደ አገሩ ወግ የኤርሚንያን እጅ ወስዳ የራሷን ግንባር ታስነካለች፣ ትመረቃለች። ልጅቷ ምን አጠፋች?

አንድ እሁድ፣ "ከአባዬ ጋር ምን ሆናችሁ ነው?" አለቻት።

"እሱን ጠይቂው።"

"ጠየቅኩት። ምንም አላደረግኳትም አለኝ።"

ኤርሚንያ አንድ ዓሣ አንስታ ለሁለት ሰነጠቀች።

"እንዲያ ካለ... በይ ነይ፣ ይኼን ቅርጫት በዚያ በኩል ያዥልኝ።"