የሽባባው አጭር ምት

ሽባባው እስራኤል አገር፣ አፉላ ኢሊት ከሚኖርበት ሕንፃ ጀርባ ካለው ባዶ ቦታ ላይ በማለዳ ብቻውን ኳስ ይመታ ነበር፤ ጎረቤት ሳይነሣበት። በኢንዱስትሪ ቀጠናው መጋዘን ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የሚነዳ የሃምሳ አራት ዓመት ሰው በጎልፍ ዱላ ሣር ሲቆፍር ቢያዩት የሰፈሩ ሽማግሌዎች ምን እንደሚሉት ያውቃል።

ጣጣው የመጣው በልጁ በኦሸር ነው። ኦሸር ጋያ የምትባል ልጅ ሊያገባ ነው፤ አባቷ ዳቪድ ደግሞ ዓርብ ዓርብ ጎልፍ ይጫወታል። "እስቲ አብረን ተጫውተን እንተዋወቅ" ብሎ ጋበዘው። ሽባባው ረጅሙን ምት በጉልበቱ እንደ ምንም ተወጣው። ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ አጠገብ ሲደርስ ግን ጉድ ፈላ። ለአሥር እርምጃ ርቀት ኳሷን አንዴ አፈር አልብሶ እዚያው ያስቀራታል፣ አንዴ ጉድጓዱ ላይ ከተተከለው ባንዲራ አሳልፎ አሸዋ ውስጥ ይከታታል። ስድስቴ መታ። ዳቪድ ሳቁን ዋጠ።

ወሬ ለመለወጥ ይመስላል፣ "ባለቤትህ ምን ትሠራለች?" አለው።

"ቢሮ ነው የምትሠራ" አለ ሽባባው።

ሚስቱ ኤናት ቢሮ መዋሏ እውነት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ቢሮ ወለል ስታጥብ ኖራለች። አብሯቸው የመጣው ኦሸር አጠገቡ ቆሞ ሰማ። አላረመውም፤ አንገቱን ደፋ እንጂ።

ያቺ ቃል ከአፉ ከወጣች ወዲህ ሽባባው እህል አልበላ አለው። ሠርጉ ሳይደርስ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ፊት ለፊት ሳይቀመጡ፣ እውነቱን መናገር አለበት። በሚቀጥለው ዓርብ እነግረዋለሁ ብሎ ቆረጠ። ግን ኳስ እየሳተ፣ እየተሳቀበት እንዴት አድርጎ ይናገራል? መጀመሪያ አጭሩን ምት ልልመድ አለ።

ረቡዕ ማለዳ ኤናት ለሥራ ስትወጣ ደረሰችበት።

"አንተ ሰውዬ፣ እህል ነው እንዴ የምታዘራ?"

"ኳሷን ላነሣት ብዬ ነው።"

"የያዝከው መንሽ አይደለም እኮ!"

እውነቷን ነው። ጎንደር ገጠር፣ በአባቱ አውድማ ላይ የለመደው እጅ እስካሁን አልለቀቀውም። ዱላው ኳሷ ሥር ሲደርስ የእጁ አንጓ ይታጠፍና ወደ ሰማይ ይበትናል።

ኤናት ቦርሳዋን መሬት አኑራ ዱላውን ተቀበለችው። "ወለል ሳጥብ ውኃውን በማጋብ፣ በባለ ላስቲኩ መጥረጊያ፣ ስገፋ አይተህ አታውቅም? ላስቲኩን ብድግ ካደረግሁት ውኃው ግድግዳ ላይ ነው የሚረጭ። አንጓህን አድርቀው። እግርህን ገጠም አድርግ፣ ክብደትህን በፊተኛው ላይ ጣለው። ከዚያ በትከሻህ ገፋ ነው። ማንሣቱን ለዱላው ተውለት።"

ገፋ አደረገቻት። ኳሷ ስንዝር ያህል ዘለለችና ቀጥ ብላ ተንከባለለች።

"ወይ አንቺ ሴት!"

"በል፣ ለዓርብ ይደርስልሃል" አለችው። ትንሽ ፊቱን አየችው፤ ሌላ ነገር የምትናገር መስሎት ነበር። ቦርሳዋን አንሥታ አውቶቡሷን ልትይዝ ቁልቁል ወረደች።

ዓርብ ዕለት ሽባባው አንጓውን አድርቆ ገፋ። ኳሷ እየተንከባለለች ሄዳ ከጉድጓዱ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ዳቪድ አጨበጨበ።

"ማን አስተማረህ?"

ሽባባው ዱላውን መሬት አስደገፈ። "ባለቤቴ ናት።"

"ትጫወታለች እንዴ?"

"አትጫወትም። ከወለል እጥበት ነው ያወቀችው። ቢሮ ትሠራለች ያልኩህ… ጽዳት ናት። ዋሽቼሃለሁ።"

ዳቪድ ዓይኑን ወደ ሣሩ አደረገ። "አውቃለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "ባለፈው ዓርብ ልጅህ ከእኔ ጋር ሲመለስ ፎቶዋን አሳየኝ። የእኛን መሥሪያ ቤት ፎቅ እኮ የምታጸዳው እሷ ናት። እሑድ ሥራ ስገባ ሄጄ ሰላም አልኳት፤ ያልከኝንም ነገርኳት።"

"እሷስ ምን አለችህ?"

"'ራሱ ይነግርሃል፣ ታገሠው' አለችኝ።"

እሑድ። እንግዲያው ረቡዕ ጠዋት ዱላውን ስትቀበለው ሁሉንም ታውቅ ነበር። እያወቀች ነው እግሩን ገጥሞ እንዲቆም የነገረችው፤ እያወቀች ነው ለዓርብ ይደርስልሃል ያለችው።

"አባ፣ ያንተ ተራ ነው" አለ ኦሸር ከኋላው።

የቀረችው ያቺው አንድ ክንድ ናት። ሽባባው ኳሷ ላይ አጎነበሰ፤ ልጁ ፊቱን እንዳያይበት ግን ቶሎ ቀና ማለት አልቻለም።