ወይዘሮ ተዋበች የፈሩት ነገር

አበልጄ ወይዘሮ ተዋበች ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ ጉልምስናቸውን በሙሉ በሠሩበት በጅቡቲ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር ባለው ቤት፣ ከጓሮ ባለችው ክፍላቸው አርፈዋል። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀበርናቸው፤ የዚህ አገር ሙቀት መርዶ እስኪዳረስ አይጠብቅም። ስለዚህ ብዙዎቻችሁ ሳትሰሙ ቀርታችኋል። ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው፤ እዚሁ በባልባላ ሰፈር ላላችሁ ወዳጆቻቸው፣ በየሰው ቤት ተቀጥራችሁ ከአርብ በስተቀር ከግቢ ለማትወጡ እህቶች፣ ኮምቦልቻ ላላችሁ ዘመዶቻቸው፣ የእጃቸውን ምግብ በልታችሁ ባሕሩን ለተሻገራችሁ ወጣቶች።

ብዕር ያነሳሁት ላስለቅሳችሁ አይደለም። ፈርቼ ነው። ለምን እንደፈራሁ እንድታውቁ እሳቸው በመጨረሻ የፈሩትን ልንገራችሁ።

እኔ የከባድ መኪና መካኒክ ነኝ። የአሰብ መንገድ ተዘግቶ የኢትዮጵያ ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ በዞረበት ጊዜ ከባለቤቴ ጋር መጣሁ። አስተማሪ አልነበረኝም፤ ማንበብንም ሃይማኖቴንም በራሴ ጥረት ነው የተማርኩት። ልጃችን ማርታ እዚህ ስትወለድ ክርስትና ያነሷት ወይዘሮ ተዋበች ናቸው። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ልጅቷን አብረን አሳደግናት፤ እኔ በቁጣ፣ እሳቸው በቀልድ።

ሥራቸው ምግብ ማብሰል ነበር። የቤቱ እመቤት ማዳም ሐሊማ ሙስሊም ናቸው። በረመዳን ማዳም ሲጾሙ የሾርባውን ጨው የሚቀምሱላቸው ወይዘሮ ተዋበች ነበሩ። በእኛ ጾም ደግሞ የሥጋው ድስት ሲጣድ ማዳም ራሳቸው ማንኪያ ይዘው ወደ ማድ ቤት ይመጣሉ። አንድ ጊዜ በዐቢይ ጾም ልጠይቃቸው ሄጄ፣ እኚያ የተከበሩ እመቤት በሠራተኛቸው ድስት ላይ አጎንብሰው ሲቀምሱ አየሁና ገረመኝ። ወይዘሮ ተዋበች ሳቁብኝ። «ምን ያፈጣሉ፣ አበልጄ? ምላስ እንዋዋሳለን» አሉኝ።

አርብ የእረፍት ቀናቸው ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምግብ ቋጥረው፣ ከባልባላ ወዲያ ወደሚያርፉት መንገደኛ ወጣቶች ይሄዳሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ደላላ እንደመከራቸው የአንገታቸውን ማዕተብ በጥሰው፣ የሙስሊም ስም ይዘው ባሕሩን ወደ ዓረብ አገር ይሻገራሉ፤ ያኔ ሥራ ቶሎ ይገኛል ይባላል። እኔ እንዲህ ያለውን አይቼ ዝም አልልም። አብሬያቸው በሄድኩበት አንድ አርብ፣ ክሯን የበጠሰችን ወጣት ክርስቶስን በእንጀራ ለወጥሽው ብዬ ገሠጽኳት። ወይዘሮ ተዋበች ልጅቷን ከእኔ አራቁ፣ ምግቧን ቋጠሩላት፣ ፀሐዩ እንዳይመታት የራሳቸውን ሻሽ አሰሩላት፣ ሸኟት። ከዚያ ወደ እኔ መጡ።

«ክሩን ስትበጥስ እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ» አሉኝ። «እኔ ይሄን ክር አስሬ ስኖር፣ እጄ አንድም ቀን ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ማን እንደሚያምን በምን አወቁ?»

ክሩ መበጠስ አልነበረበትም፤ ዛሬም ይህንኑ እላለሁ። ጥያቄያቸውን ግን አልመለስኩትም።

ወይዘሮ ተዋበች ከልጅነታቸው በኋላ ቆርበው አያውቁም ነበር። የነፍስ አባታችን ሲጠይቋቸው መልሳቸው «አገሬ ስገባ» ነበር። ለእኛም ነገሩ ትክክል መሰለን፤ ብዙዎቻችን ንስሐውንም ቁርባኑንም ለአገር ቤት ያስቀመጥን ነን። በዚህ ዓመት ግን፣ ሙቀቱ ሲጀምር፣ እግራቸው አበጠ፤ ትንፋሻቸው አጠረ። ሐኪሙ ልባቸው እንደደከመና መንገድ እንደማይችሉ ነገረን። አገር መግባት እንደሌለ ሁላችንም ገባን። ስለዚህ እዚሁ ይቁረቡ ብለን ከነፍስ አባታችንና ከማርታ ጋር ወደ ክፍላቸው ሄድን።

ማዳም ሐሊማ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ያራግቡላቸው ነበር። ቄሱ ለመጪው አርብ እንዲዘጋጁ ነገሯቸው። ደስ ይላቸዋል ብለን ስንጠብቅ የወይዘሮ ተዋበች ፊት ጠቆረ።

«አባ፣ ፈራሁ።»

«ሞትን ነው?»

«ሞትንስ ለምጄዋለሁ። እምነት ባይኖረኝስ ብዬ ነው የፈራሁት» አሉ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ቀጠሉ። «ሳምንቱን ሙሉ በሶማሊኛና በፈረንሳይኛ ስታዘዝ እሰነብታለሁ። አርብ ሲደርስ ቤተ ክርስቲያን እመጣለሁ፤ በአማርኛ እንደምን ሰነበትሽ የሚለኝ አገኛለሁ፤ ዜማውን ስሰማ አለቅሳለሁ። ሰዎችም እንባዬን አይተው እንዴት ያለች አማኝ ናት ይላሉ። ያለቀስኩት ለማን ነው? እኔ አገሬን ነው የያዝኩት ወይስ እግዚአብሔርን? አንድ ቀን እንኳ ለያይቼ አይቻቸው አላውቅም።»

እኔ ከቄሱ ቀድሜ ይህ ፈተና ነው፣ ሐሳቡን ከልብዎ ያውጡት አልኳቸው። አልጋ ላይ ሆነውም ቀልዳቸው አልተዋቸውም።

«አበልጄ፣ እርስዎ ሞተር ሲንኳኳ ፈትተው ያያሉ። የኔው ሲንኳኳ ሸፍኚው ይሉኛል?»

ማዳም ሐሊማ ምን እንደተባለ ጠየቁ። ወይዘሮ ተዋበች በሶማሊኛ ሲነግሯቸው ማራገቢያው እጃቸው ላይ ቆመ። የመለሱትን ማርታ ለቄሱ ተረጎመችላቸው፤ «ስለ ራሴም እምነት አስፈራሽኝ» ነበር ያሉት።

በዚህ መሐል ማርታ ተናገረች። ከልጅነቷ ጀምሮ ጠዋትና ማታ በፊቴ ቆማ ጸሎት አስደግማታለሁ፤ በአማርኛ ብቻ እንድትጸልይም ደንብ አውጥቼ ነበር። ቋንቋዋን ከጣለች ሃይማኖቷንም ትጥላለች ብዬ አምን ነበር።

«እማማ፣ እኔ ሲጨንቀኝ በፈረንሳይኛ ነው የምጸልየው» አለቻቸው። «በአማርኛ የምጸልየው አባባ ሲሰማ ነው።»

እኔን የያዘኝ ቁጣ ሳይሆን ብርድ የመሰለ ነገር ነበር፤ በዚያ ሙቀት። ወይዘሮ ተዋበች ማርታን ወደ አልጋው ጠሯት።

«እግዚአብሔር ሲሰማሽ ይታወቅሻል?»

«አላውቅም። ግን በፈረንሳይኛ ከጸለይኩ በኋላ መዋሸት ያቅተኛል። ትናንትም ጸልዬ ነበር፤ ለዚህ ነው ዛሬ አባባ ባለበት የተናገርኩት።»

ወይዘሮ ተዋበች እጇን እንደያዙ ለቄሱ «ትንሽ ይታገሱኝ፣ አባ። መጀመሪያ ለይቼ ልየው» አሏቸው።

እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ጋራዥ ውስጥ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሳይቆርቡ ሞቱ የሚል ይመስለኝ ነበር። እንደሳቸው የጾመ፣ እንደሳቸው ያበላ አላውቅም። የእሳቸው እምነት የአገር ናፍቆት ሆኖ ከተገኘ፣ የእኔው ምን ሆኖ ሊገኝ ነው?

የተጠራሁት አንድ ጠዋት ነው። ስደርስ ፊታቸው ገርጥቷል፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነበር። ማለዳ ብርቱ ሕመም ይዟቸው እንደነበር፣ ማዳምም ለሐኪም ሊደውሉ ስለወጡ ብቻቸውን እንደነበሩ ነገሩኝ።

«ያገሬ ሰው የለ፣ ዜማ የለ። አማርኛውን ሆን ብዬ ተውኩት። በሶማሊኛ እርዳኝ አልኩት፤ ማድ ቤት ውስጥ ድስት ሲከብደኝ ለማዳም የምለውን ቃል። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።»

«ታዲያ?»

«ሕመሙ አልለቀቀኝም።»

«ታዲያስ?»

«ያናገርኩት ግን እዚያ ነበረ» አሉ። ወዲያው ደግሞ «ነበረ መሰለኝ። እምላለሁ ብል እዋሻለሁ። አባን ጥሩልኝ፤ ፍርሃቴን ይዤ እቀርባለሁ» አሉኝ።

በአርቡ በወንበር ተሸክመን ቤተ ክርስቲያን አደረስናቸው። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ሲቀርቡ እጃቸው እንደ ወባ በሽተኛ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደካማ ስለሆኑ ነው ትሉ ይሆናል፤ እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ስንመልሳቸው ግን በመኪናው ውስጥ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «እጄን አዩት?» አሉኝ፤ ፈገግታ ከፊታቸው ላይ አልጠፋም። በሚቀጥለው ማክሰኞ አረፉ። አልጋቸው አጠገብ የነበሩት ማዳም ሐሊማ ብቻ ናቸው። በሐዘኑ ቤት ካለቀስነው ሁሉ አብልጠው ያለቀሱት እሳቸው ናቸው፤ ጨውን የሚቀምስላቸው ሌላ ሰው እንደማይፈልጉም ተናግረዋል።

ወንድሞችና እህቶች፣ ከእናንተ ውስጥ ተጠምቄአለሁ፣ እጾማለሁ፣ ከቤተ ክርስቲያንም አልቀርም ብሎ የሚዝናና ካለ፣ ወይዘሮ ተዋበችም ተጠምቀው ነበር፣ ይጾሙም ነበር፣ ቀርተውም አያውቁም። እሳቸው የፈሩትን እኛ በምን ድፍረት አንፈራም? ክሩን፣ ዜማውን፣ የአርቡን ወሬ፣ የአገራችንን ልጆች ፊት ሁሉ ቢወስዱብን ምን ይቀረናል? ይህን ዛሬውኑ ጠይቁ። ልብ ደክሞ ትንፋሽ ሲያጥር መጠየቅ ከባድ መሆኑን አይቻለሁ።

አበልጄ፣ እርስዎን ከቀበርን በኋላ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከአንድ መኪና ሥር ተኝቼ እርስዎ እንዳደረጉት ያለ አማርኛ ልጸልይ ሞከርኩ። ሶማሊኛ አያጥረኝም፤ ስለ ብሎን፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ፍሬን ቀኑን ሙሉ እናገርበታለሁ። ለእግዚአብሔር የምለው ግን አንድ ቃል አልመጣልኝም። ሰሚው ይኖር ይሆን ብዬ አልፈራሁም፤ የፈራሁት ተናጋሪው ይኖር ይሆን ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ ስጸልይም የገዛ ድምፄን እየሰማሁ እደነግጣለሁ።

እርስዎ አሁን ለይተው አውቀውታል። በደህና ይረፉ። በፊቱ ስሜን የሚያነሱልኝ ከሆነ፣ ጠንካራ አማኝ ነው ብለው አያሞግሱኝ፤ ሞተሩ ይንኳኳል፣ ገና አልተፈታም ይበሉልኝ።

ትናንት ልጅዎ ማርታ ስለ እርስዎ በፈረንሳይኛ ጸለየች። የጋራዥ ፈረንሳይኛዬ አልደረሰላትም፤ ከስምዎ በቀር የገባኝ ነገር የለም። አላስቆምኳትም። ስትጨርስ አሜን አልኩ። እጄን ለማየት ግን አልደፈርኩም።