ሆዱ ሞልቶ የተኛው ባትሪ

እኔን ብሎ የባትሪ ጠባቂ። ፊደል ያልቆጠርኩ፣ የገዛ ጥርሴን እንኳ መጠበቅ አቅቶኝ ግማሹ ጥሎኝ የሄደ አሮጊት፣ ሊትየም ከሚሉት ነገር ጋር ምን አገናኘኝ? ግን እዚህ ዐረብ አገር፣ ባዲዓ በሚሉት ሰፈር፣ ከኛ ጣራ ላይ ካሉት ክፍሎች ውስጥ ቀን ቤት የምውለው እኔ ብቻ ነኝ። ቤት የዋለን ሰው ደግሞ ሁሉም ይሾመዋል።

ጣጣውን ያመጣው የሕንፃው ባለቤት ነው። ሙቀቱ ሲበረታ የታችኞቹ ተከራዮች ማቀዝቀዣቸውን ይለቁታል፤ እሱ የኛን የጣራዎቹን መብራት ከቀትር እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትገባ፣ ያጠፋዋል። «መስመሩ ሁላችሁንም አይችልም» ይላል። የሚችለው እነሱን ብቻ ነው ማለት ነው። እኛስ ተቀቅለን እንዋል፣ ለምደነዋል። ጭንቁ የጎረቤቴ መድኃኒት ነው። ስኳር አለባት፤ የምትወጋው ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ካልዋለ በዚህ እሳት ይበላሻል። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስለሌላት ሐኪም ቤት ገብታ ሌላ ጻፉልኝ ማለት አትችልም። በሰው በሰው፣ በስንት ልመና ነው የምታገኘው። እሷ በየሰው ቤት ስታጸዳ ስለምትውል ጠባቂዋ እኔ ሆንኩ።

ለፍሪጁ ብለን ሁላችንም አዋጥተን ከዐዚዚያ ገበያ ባትሪ አስመጣን። የገጠመልን ያገራችን ሰው ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ።

«እማማ፣ ይሄን ጎተራ ነው በይው። ጎተራው ትልቅ ነው፣ ማውጫው ግን ጠባብ ነው። ፍሪጁ በእፍኝ በእፍኝ ስለሚወስድ እስኪመሽ ይችልለታል። ካውያና ፀጉር ማድረቂያ ግን በቁና ልዝቅ ይላሉ። ያኔ እንዳይጎዳ ብሎ ራሱን ይዘጋል። አንዴ ከተዘጋ ቻርጀሩ መብራት አግኝቶ ካልቀሰቀሰው አይነቃም።»

«ሲሞላስ?»

«ሲሞላም ቀስ ብሎ ነው። ሌሊቱን ይጠጣ። አጣድፈሽ ብትግቺው ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል።»

«አንተን ማን አጣድፎ ጋተህ ነው እንዲህ ቀጥነህ የቀረኸው?» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር።

ጁምዓ ዕለት ሱለይማኒያ ሰፈር በሰው ቤት የሚሠሩ ሁለት ልጆች እረፍት ወጥተው እኔ ጋ መጡ። ማታ ሰርግ አለባቸው። መብራታችን እንደ ልማዱ ጠፍቷል። አንዷ ቀሚሷን አልጋዬ ላይ ዘርግታ ከቦርሳዋ ካውያ አወጣች።

«አይሆንም፣ ባትሪው የመድኃኒት ነው» አልኳት።

«እማማ፣ የባትሪው አራቱም መብራቶች በርተዋል እኮ። ሙሉ ነው።»

«ሙሉ ቢሆንስ?»

«አንድ ቀሚስ ብቻ ነው፣ ወላሂ። ስንት ጊዜ ታፍኜ ከርሜ ብወጣ፣ አንቺም ካውያ ትከለክይኝ?»

እንዲህ የምትልን ልጅ፣ ያውም እንግዳ ሆና ደጄ የመጣችን፣ በካውያ መመለስ አለ? ያገሬ ሰው ይፍረደኝ። እሺ አልኩ። እሷ ስትሰካ ሌላይቱ ከጀርባዬ ፀጉር ማድረቂያዋን ሰካች።

ቀጭ አለ። ፍሪጁ ዝም። የባትሪውን ቁልፍ ስነካው አራቱም መብራቶች ቦግ ይሉልኛል፣ ሙሉ ነኝ ይሉኛል። ሆዱ ጢም ብሎ ለአንዲት ፍሪጅ ጠብታ የማይሰጥ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ቤት ስሠራ ኖሬያለሁ፤ ባትሪም እንደነሱ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም።

«መግሪብ ላይ መብራት ሲመጣ ይነቃል አይደል?» አለችኝ ባለካውያዋ።

«መድኃኒቱ ነው መግሪብን የማይጠብቀው። ያላ፣ ቀሚስሽን ሰብስቢ። እንደተጨማደድሽ ሂጂ፣ ሙሽራዋ አንቺ አይደለሽ።»

ኢንሱሊኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ሕንፃው ዘበኛ ወረድኩ። ሐሪስ ነው የምንለው። ክፍሉ ስገባ ብርዱ ጥርሴን አንቀጫቀጨው፤ የቀረውን ማለቴ ነው።

«የጣራውን መብራት ለትንሽ ጊዜ ክፈትልኝ፣ ባትሪውን ልቀስቅሰው» አልኩት በተሰባበረ ዐረብኛዬ።

«ባለቤቱ ከልክሏል፣ ሐጃ።»

«የታመመች ሰው መድኃኒት ነው።»

«ኸላስ፣ በቃ አልኩሽ።» ዓይኑን ከስልኩ እንኳ አላነሳም።

ንዴቴ እስከ እግር ጣቴ ወረደ። ሰውየው በብርድ ልብስ ተጠቅልሏል፣ በሙቀት አገር። የራሱን ፍሪጅ ከፈትኩ፣ እርጎውን ገፋ አድርጌ መድኃኒቱን አስገባሁ፣ ከዚያ ሄጄ አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«መድኃኒቱ እዚህ ይውላል። እኔም አብሬው እውላለሁ። ባለቤቱ ሲመጣ ሴትዮዋ አልጋህ ላይ ምን እንደምትሠራ አንተው ንገረው።»

ተነስቶ ደጁን ግራ ቀኝ አየ። «ሐጃ፣ ውጪልኝ፣ ሰው ያያል።»

«ይይ። ወግ ይደርሰኛል።» ጋደም ልል ትራሱን ሳስተካክል ቁልፉን ይዞ ወደ ቆጣሪው ሮጠ።

መድኃኒቱን ይዤ ስወጣ የጣራው መብራት በርቶ ቻርጀሩ ባትሪውን ቀስቅሶታል። የካውያውን ገመድ ራሴ ጠቅልዬ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩላት። ኢንሱሊኑን ቦታው መልሼ ፍሪጁ ሥር ተቀመጥኩ። የእፍኝ መብራት ለማግኘት አሮጊት የሰው አልጋ ላይ መውጣት አለባት?

ጎረቤቴ ከሥራ ስትመለስ ከካውያው ጀምሬ ነገርኳት። የሐሪሱን ፊት እያሳየኋት፣ እንዴት እንደሮጠ ተነስቼ እየሮጥኩ፣ እሷን ላስቅ ብዬ። አልሳቀችም። ብልቃጡን አውጥታ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው፣ ፍሪጁን ዘጋች።

«ልጅቷን ካውያ መከልከል አፍረሽ እኔን ልትገድይ ነበር» አለችኝ።