የአጎቴ ውሸት

ዳንግላ ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው ቆርቆሮው ከግድግዳው በተለያየበት ስንጥቅ ነው። ሰኔ ገብቶ ስለነበር የአፈሩ ወለል ጥግ ጥጉን ውኃ አቁሯል። ቀድመውኝ የገቡት አራት ሴቶች ደረቁን ቦታ ይዘዋል። አንዷ፣ የጫግኒ አረቄ ሻጭ፣ ጠጋ ብላ «ነይ ልጄ፣ በተራ እንተኛለን» አለችኝ። ስለዚያ ጣቢያ የምናገረው ደግ ነገር ይኸው ነው።

የታሰርኩት ካስማ ነቅዬ ነው። መሬት ይለካል፣ ግብርም ይጨመራል የተባለበት ዓመት ነበር። ቀያሾቹ ከጥርባ ሐይቅ በላይ ባለው ማሳችን ላይ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ካስማዎች ተክለው ሲሄዱ፣ እኔና የሰፈሩ ሴቶች ወጥተን ነቀልናቸው። ስሜን ለፖሊስ የሰጠው ጭቃ ሹሙ ነው። የእሱን ስም ግን አልጽፍም። የልጅ ልጆቹ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ሲያልፉም ሰላም ይሉኛል። እኔ ካወቅሁት ይበቃል።

መቶ አለቃው በየቀኑ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር።

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም።»

«ሴት በገዛ እጇ የመንግሥት ካስማ አትነቅልም። የወንድ ስም ስጪኝና ዛሬውኑ ቤትሽ ግቢ።»

የትኛውን ወንድ እንደሚፈልግ አውቅ ነበር። የእናቴ ወንድም ናቸው፣ ያሳደጉኝ። ኮርያ ዘምተው፣ በሃምሳ አለቅነት ጡረታ ወጥተው የተመለሱ፣ አገሩ ሁሉ የሚያዳምጣቸው ሰው። ድንች ሲልጡ ልጣጩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይበጠስ ይወርዳል፤ «ጦር ሜዳ ያስተማረኝ ሙያ ይቺ ብቻ ናት» ይሉ ነበር። ዘመዱ ሁሉ ሴት ልጅ ምን ቆርጧት ሲል፣ ፈረስ ያስጋለቡኝ እሳቸው ናቸው። ከኮርያ ይዘው የመጡት ሜዳሊያና ሳል ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ደረታቸው ሲያፏጭ ከጓዳ ይሰማኛል። በዚያ እርጥብ ወለል ላይ አንድ ሳምንት ቢያድሩ እንደማይነሱ አውቅ ነበር። ካስማው በተነቀለ ዕለት ደግሞ የጡረታ ጉዳያቸውን ሊያስጨርሱ ደብረ ማርቆስ ነበሩ።

በዘጠነኛው ቀን ከቀትር በኋላ ተጠራሁ። አጎቴ ቢሮው ውስጥ ቆመዋል። ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፣ ሜዳሊያቸውን ደርድረዋል፣ ጢማቸውን ተላጭተዋል። ዝናብና የባዝራ ፈረሳቸው ላብ ይሸታሉ። በእጃቸው የበሶ ቋጠሮ ይዘዋል። ወደ እኔ ዞር አላሉም።

«ሃምሳ አለቃ፣ የነገሩኝን እሷ ፊት ይድገሙት» አላቸው መቶ አለቃው።

«ያዘዝኳት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ልጅቱ የታዘዘችውን ነው የሠራችው።»

አጎቴ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ላም ሊሸጡ ገበያ ወጥተው እንኳ ገዢው ሳይጠይቅ «ትራገጣለች» የሚሉ ሰው ናቸው።

«እኔው ነኝ የነቀልኩት። እሳቸው አገር ውስጥም አልነበሩም» አልኩ።

አጎቴ በአገውኛ ተቆጡኝ።

«በአማርኛ!» ብሎ መቶ አለቃው ጠረጴዛውን መታ።

«ዝም በይ ነው ያልኳት፣ ጌታዬ።»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«መልካም» አለ መቶ አለቃው። «ካስማዎቹስ የት ገቡ?»

«አቃጥያቸው አልኳት፤ አቃጠለች።»

ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ነከረ። ከተጻፈ አበቃ። ያሳደገን ሰው ሹም ፊት ውሸታም ማለት በእኛ ዘንድ ከመታሰር ይከፋል።

«አያ» አልኩ፣ «ዛሬ ባዝራይቱን ከምን ላይ ፈቱ?»

«ምን?»

«ከምን ላይ ፈቱ?»

«ከካስማዋ ነዋ…» ብለው ቀጥ አሉ።

በእኛ አገር ፈረስ ያለው ሰው ቀጥ ያለ ጠንካራ እንጨት አግኝቶ አይጥልም። እኔም ከነቀልናቸው አንዱን ጓሮ ተክዬ፣ ቀዩን ጫፍ ጭቃ መርጌ፣ የአጎቴን ባዝራ አሰርኩበት። ሊይዙኝ የመጡት ፖሊሶች ካስማ ፍለጋ የቤቱን ክዳን ሳይቀር ሲበረብሩ ባዝራይቱን ሁለት ጊዜ ዞረዋት አልፈዋል። አጎቴ ደግሞ ከደብረ ማርቆስ በዋዜማው አመሻሽ ላይ ገብተው፣ መታሰሬን ሰምተው፣ ጎህ ሳይቀድ በዳበሳ ፈትተዋት ነው የመጡት።

«ጌታዬ፣ ሰው ይላኩ» አልኩ። «ጭቃውን ቢጠርጉት ቀዩን ያገኙታል። አጎቴ አዝዘውኝ ቢሆን ኖሮ ከመንግሥት ካስማ ላይ ፈረስ ፈትተው፣ አቃጠለች ሊሉ እርስዎ ዘንድ ይመጡ ነበር?»

ፖሊሱ አሁን ሳቁን አልሸፈነም። የመቶ አለቃውም ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ወዲያው ግን ተቆጣ።

«እኚህን ሰው አስወጣልኝ። ሃምሳ አለቃ፣ ሁለተኛ በውሸት ቃል ቢመጡ ጡረታዎን እርሱት።»

አጎቴ በአጠገቤ ሲያልፉ «ሹም ፊት አዋረድሽኝ» አሉኝ። ደረታቸው ያፏጫል። የበሶውን ቋጠሮ እጄ ላይ አስቀመጡና ጣቶቼን ለአፍታ ጨበጥ አድርገው ወጡ።

ጸሐፊው ለአውራ ጣቴ ቀለም አቀረበ። «መጀመሪያ ‹ማንም አላዘዘኝም› ብለህ ጻፍ» አልኩት። ጻፈ። አንብብልኝ አልኩት። አነበበ። ድገመው አልኩት። ደገመው። ያኔ ፈረምኩ። አራት ወር ፈረዱብኝ፤ ጨረስኩት።

አጎቴ ከዚያ በኋላ ስምንት ክረምት ኖሩ። ስለዚያ ቀን ግን አንስተን አናውቅም።

አሁን በየተዝካሩ፣ በየሰርጉ ልጃቸው ይነሳና «ሴቶቹን አዝዞ ካስማ ያስነቀለ አባቴ ነው» ይላል። ሰው ያጨበጭባል። በዚያ ዓመት እሱ ጫግኒ እህል ይነግድ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ስንቅ ይዞልኝ አልመጣም። እስከ ዛሬ ለአባቱ ስል ዝም ብዬዋለሁ። አርጅቻለሁና ልናገር፤ አባትህ ማንንም አላዘዙም። በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ዋሹ፣ እሱንም ለእኔ ብለው ነው። ያ ውሸት የእኔ ነው፤ ለማንም አላወርስም።